የማይደርቀው በር

ስልኳ ሲጮህ ቀለም ቀቢዋ መሰላል ላይ ነበረች። የቀለም ሩሎዋን ባልዲው ላይ አጋድማ፣ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ስልኩን ከኪሷ እስክታወጣ ድረስ ልቧ ተሰቀለ። ሰሞኑን ስልኳ የሚጮኸው በሁለት ነገር ነው። ከልጇ ትምህርት ቤት ከሆነ ልጅቷ ወድቃለች ማለት ነው። ከእትዬ ጨዋ ከሆነ ደግሞ በር ሊቀባ ነው።

እትዬ ጨዋ ነበረች።

«የት ነሽ ልጄ? ድረሺልኝ! ሰው እየመጣብኝ ነው፤ ደላላው አሁን ደወለ። ባልና ሚስት ናቸው አለኝ፣ ደስ ሲለኝ አራት ልጆች አሏቸው አይለኝ መሰለሽ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው ቤት ሥራ ላይ ነኝ።»

«በሩን ብቻ! አንዴ ሽው አድርገሽው ትመለሻለሽ። በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ቀቢዋ ለባለቤቶቹ «መጣሁ» ብላ ቡሩሿንና ግማሽ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም አንጠልጥላ ወጣች። መንገዱን ግማሹን እየሮጠች፣ ግማሹን እየተራመደች፣ በልቧ ደግሞ እትዬ ጨዋን እየረገመች ደረሰች። እርግማኑ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ማለፍም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ያ ቤት ያስፈልጋታል።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ እብደት ሊመስለው ስለሚችል ማስረዳቱ ይሻላል። እትዬ ጨዋ ስሟ አይደለም፣ ተከራዮቿ ያወጡላት ነው። ቤት ፈልጎ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «እኔ የምፈልገው ጨዋ ተከራይ ነው» የሚለውን ነው። ጨዋ የሚባለው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም። ልጅ የበዛበት ጨዋ አይደለም። ባል የሌላት ወጣት ሴት ጨዋ አይደለችም። ከሩቅ አገር መምጣቱ በአነጋገሩ የሚታወቅበት፣ የሚያነክስ፣ የሚያስል፣ እነዚህ ሁሉ ጨዋ አይደሉም። ቀለም ቀቢዋ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን እንዴት እንደሆነ አይታወቅም፣ ከጨዋዎቹ ተመድባለች።

ችግሩ እትዬ ጨዋን ይሉኝታ ይገድላታል። «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ሰው ፊት ስትቆም ከጉሮሮዋ አትወጣም። ለማትፈልገው ሰው ወንበር ታወጣለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ የእናቱን ጤና ትጠይቃለች፣ ከዚያ ጨንቋት ላብ በላብ ትሆናለች። ታዲያ አንድ ቀን ቀቢዋ ምድር ቤት ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ቀብታ እንደጨረሰች አንድ ክራንች የያዘ ሰው ቤቱን ሊያይ መጣ። በሩን ገፋ ሲያደርግ ጣቱ አረንጓዴ ሆነ። «ውይ በሞትኩት! ቀለሙ አልደረቀም እኮ፤ ሲደርቅ ብቅ በል» አለችው እትዬ ጨዋ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። አመስግኖ! እትዬ ጨዋ በሩን እያየች እፎይ አለች፣ መላውንም አገኘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ በር ደርቆ አያውቅም።

ቀቢዋ አራት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ከመድረሳቸው በፊት በሩን ከላይ እስከ ታች አዳረሰችው። መስኮቱን ዘጋች፣ ሽታው ቤቱን እንዲሞላው የቀለም ማቅጠኛውን የአኳራጁን ጠርሙስ ክዳን ከፈተች። ይህን ማንም አላስተማራትም፣ በሥራ ብዛት የራሷ እጅ የፈጠረው ነው። ባልና ሚስቱ መጡ፣ ልጆቻቸውን ከአጥር ውጪ አቁመዋቸው ነበር፤ እነሱም የለመዱት ነገር አለ ማለት ነው። ሚስትየዋ በሩን አየች፣ ከዚያ ቀቢዋን አየቻት። ቀቢዋ ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ጣሳው መለሰች።

«ሲደርቅ ብቅ በሉ እሺ፣ የኔ ልጆች» አለች እትዬ ጨዋ፣ እያቀፈች እየሳመች።

እነሱ ሲሄዱ ቀቢዋ በሩን ልትዘጋ ሞከረች። አልዘጋ አለ። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ መቃኑን ሞልቶታል፤ በትከሻዋ ብትገፋው እንኳ ጠርዙ ላይ ይነክስና ይቆማል።

«ወፍሯል እትዬ። ካልተፋቀ አይዘጋም።»

«ይፋቃል፣ ምን ችግር አለው። አንቺ ስትገቢበት ትፍቂዋለሽ።»

ቀቢዋን ያሰራት ይቺ አነጋገር ናት። የምትኖርበት ቤት ጌታ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ብሏታል። ልጅቷ ግቢው ውስጥ፣ ያውም እንግዶቹ ፊት ወደቀች፤ ተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ደፈቀች፣ ከዚያ ተነሥታ ደብተሯን ሰብስባ ገባች። በማግስቱ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቤቱን ላድሰው ነው» አላት። የእትዬ ጨዋ ቤት ከልጅቷ ትምህርት ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ልጅቷ ብትወድቅ እናት ከመንገድ ማዶ ሳይሆን ከአጥር ማዶ ትደርሳለች። ደግሞም እትዬ ጨዋ ቃል ገብታለች፦ «የወንድሜ ልጅ እገባበታለሁ ብሎኝ ነው እንጂ፣ እሱ ቀረሁ ካለ ቤቱ የማንም አይደለም፣ ያንቺ ነው።» ስለ መውደቁ ግን እትዬ ጨዋ የምታውቀው ነገር የለም። ቀቢዋ በሆዷ ይዛዋለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ ቀኑ የሚያልፈው። ጠዋት ሰው ቤት ግድግዳ፣ ከሰዓት የእትዬ ጨዋ በር። ስልኩ ካልጮኸ «ለምን ዝም አለ» ትላለች፣ ከጮኸ ትበረግጋለች። ምሳዋን ቆማ ትበላለች። ቁጭ ካለች የወሩ መጨረሻ ይታያታል።

ባለ ክራንቹ ሰውዬ ሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ በሩ እርጥብ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከአጥሩ በር ላይ ቀለሙን ሊነካ ጣቱን ቀስሮ እየሳቀ ገባ። ራዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከቤቱ ወደ ሥራው የሚሄድበት አቀበት እግሩን እየጨረሰው ስለሆነ ቅርብ ቤት ይፈልጋል።

«እህቴ፣ ይሄ በር ታሟል እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ።

ቀቢዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። «የዘይት ቀለም ነው፣ ይቆያል» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እንደዚያ እንደዚያ ሲባል የእትዬ ጨዋ የወንድም ልጅ ቀረሁ አለ። ስልኩ ጮኸ፣ ቀቢዋ በረገገች፣ እትዬ ጨዋ ግን እየሳቀች ነበር። «ቤትሽን መጥተሽ እዪ! ልጅሽን ይዘሻት ነይ፣ እሷም ትየው እንጂ!»

ቀቢዋ ልጅቷን ከትምህርት ቤት በር ላይ ተቀብላ፣ ፀጉሯን በእጇ ደልደል አድርጋ፣ እጇን ይዛ መሄድ ጀመረች።

«ስለ መውደቅሽ ምንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?»

«ከጠየቁኝስ?»

«አይጠይቁሽም።»

«ብወድቅስ?»

እናትየው የልጅቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ፈጠን አለች።

ልጅቷ ቤቱን በአንድ እይታ ወደደችው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገባች ወጣች፣ የመስኮቱን ደፍ ለካች፣ ጥግ ላይ ቆማ «አልጋዬ እዚህ» አለች። በሩን በመዳፏ እየደባበሰች «ለምንድን ነው እንዲህ የወፈረው?» ስትል እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። እትዬ ጨዋ ሆዷ ባባ። ልጅ አልወለደችም፣ እንዲህ ያለች ንግግር አዋቂ ልጅ ስታይ አንጀቷን ይበላታል። ወንበር አውጥታ አስቀመጠቻት፣ ብርቱካን ልጣ ሰጠቻት፣ ራሷን እየዳሰሰች «ጨዋ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ» አለቻት።

ልጅቷም ሴትዮዋን ወደደቻት። ከወደደቻት ደግሞ እንድትደነግጥባት አልፈለገችም።

«እማማ፣ እኔ አንዳንዴ እወድቃለሁ» አለች፣ አንዷን የብርቱካን ክፋይ ጎርሳ። «ከወደቅኩ በጎኔ ያስተኙኝና ትንሽ ይጠብቁኝ። ራሴ እነሣለሁ። አይደንግጡ፣ እሺ?»

ቀቢዋ ክው አለች። የእትዬ ጨዋ እጅ የልጅቷ ራስ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀሚሷን አስተካከለ፣ ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ ጠረገ።

«እግዚአብሔር ይማርሽ የኔ ቆንጆ» አለች። ጎንበስ ብላ ሳመቻት። ሌላ ብርቱካን ኪሷ ውስጥ ከተተችላት። ከዚያ ወደ እናትየው ዞራ፣ ዓይኗን ከዓይኗ እያሸሸች፣ በዚያው በሚያባብል ድምጿ ተናገረች።

«ታዲያ… ቀለሙ ይድረቅ እንጂ ልጄ። ሽታው ልጅቷን ያማታል። ሲደርቅ ብቅ በሉ።»

ቀቢዋ በሩን አየችው። ቡሩሽ ከነካው ሳምንት አልፎታል። የቀባችው እሷ ናት። አኳራጁን የከፈተችው እሷ ናት፣ መስኮቱን የዘጋችው እሷ ናት። «እኔን? ለእኔ?» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን ሌላ ነበር።

«እሺ እትዬ። ይድረቅ። እግዜር ይስጥልኝ።»

አመሰገነች። ያንን ሁሉ ሰው እያመሰገነ ሲወጣ ስታይ «ምን ዓይነት ሞኝ ነው» ትል ነበር፤ አሁን ገባት። አፍሮ ነው ሰው የሚያመሰግነው፣ የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ነው።

መንገድ ላይ ልጅቷ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት። ንጹሕ ነው፣ የብርቱካን ጭማቂ ብቻ ነው ያለበት።

«እማ፣ ደርቋል እኮ። እኔ ነክቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

ቀቢዋ እዚያው መንገድ መሀል ቆመች። ሰው እየገፋት ያልፋል። ልጅቷን ልትቆጣት ፈለገች፤ «ዝም በይ ብዬሽ አልነበር!» ልትላት። ግን ልጅቷ ምን አጠፋች? ከሁሉም ውስጥ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ናት። ቀቢዋ እንባዋ መጣ፣ ንዴቷም አብሮ መጣ፣ ሁለቱ ተደባልቀው እግሯን ወደ ጥጉ ሱቅ መሩት።

ራዲዮ ጠጋኙ የአንድ ራዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ አጎንብሶ ነበር። ቀና ብሎ አያት፣ ልጅቷን አየ።

«ደረቀ እንዴ?» አላት።

«መጀመሪያውኑም ደረቅ ነበር» አለችው። «አንተ ስትመጣ ነው የምቀባው። ከመጀመሪያዋ ቀን በስተቀር።»

ሰውየው መበየጃውን አስቀመጠ። ተቆጥቶ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«የሠፈሩ ቅሬታ ሰሚ ጋ ሄጄ ነበር» አለ። «ደህና ሰው ነው፣ አስቀምጦ አዳመጠኝ። ‹በእግርህ ምክንያት ቤት ከከለከሉህ ሕግ ያስጠይቃቸዋል› አለኝ። ‹ግን ማን ከለከለህ? ሴትዮዋ አልከለከለችህም። ቀለም ነው ያለችህ። ቀለምን ምን ብዬ ልክሰሰው?› አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?»

ቀቢዋ አልሳቀችም። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለችው። «እሺ ወይም አይሆንም ትበልህ። አይሆንም ካለች ምስክርህ እኔ ነኝ፣ ቅሬታ ሰሚው ጋ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ።»

«ቤቱን አንቺ ትፈልጊው የለም እንዴ?»

«አንተ ቀድመህ መጥተሃል።»

ይህን ስትናገር የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የመስኮቱ ደፍ፣ ልጅቷ «አልጋዬ እዚህ» ያለችበት ጥግ ሁሉም መጣባት። ቃሉ ግን ወጥቷል።

በማግስቱ ሦስቱም ግቢው ውስጥ ቆሙ፦ ቀቢዋ፣ ጠጋኙና ልጅቷ። ቀኑ ትምህርት የሌለበት ነበር። እትዬ ጨዋ ሻሿን እያስተካከለች ወጣችና ሦስቱን አንድ ላይ ስታይ በሯ ላይ ቆመች።

«ደህና አደራችሁ የኔ ልጆች! ወንበር ላውጣ…»

«ወንበር አያውጡ እትዬ» አለች ቀቢዋ። በሩ አጠገብ ሄዳ ሁለቱን መዳፎቿን በሰፊው ለጠፈችበት፤ ከዚያ ዘርግታ አሳየቻት። «ደርቋል። ይህ ሰው ከሁሉም በፊት ነው የመጣው። ኪራዩን መክፈል ይችላል። አስገባሃለሁ ወይም አላስገባህም ይበሉትና ይወቀው።»

«እንዴ! እኔ መቼ አልኩ…» እትዬ ጨዋ ዓይኗ ተቅበዘበዘ። «የመብራት ቆጣሪው እኮ ያስቸግራል…»

«እኔ አየዋለሁ እትዬ፣ ሥራዬ ነው» አለ ጠጋኙ።

«ውሃውም አንዳንዴ…»

«የኔ ሰፈር ውሃማ ጨርሶ የለም።»

«ደፉ ከፍ ይላል፣ ለእግርህ ብዬ ነው እኮ!»

ጠጋኙ ክራንቹን አስቀደመና ደፉን ተሻገረው። ተመልሶም ወጣ። እትዬ ጨዋ ከዚህ በላይ የምትለው ጠፋት። ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ግጥም አለ።

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ ምን አደረግኋችሁ? ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ ያውቃል?»

«አልወጣም እትዬ» አለ ጠጋኙ። «ክፉ ቃል ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ሌላ ቤት እፈልግ ነበር። በክራንች ሦስት ጊዜ ያመላለሰኝ ደግ ቃልዎ ነው።»

እትዬ ጨዋ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ቀቢዋ ከንፈሯን እያየች ነበር። ያቺ «አይሆንም» እስከ ጥርሷ መጥታ ስትመለስ የታየቻት መሰላት። ሰው ፊት አትወጣማ! ምን ትሁን?

«ግባ እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ሰልሎ። ከዚያ ወደ ቀቢዋ ዞረች። «ግን አንቺ… እኔ ለራስሽ ልትጠይቂ የመጣሽ መስሎኝ።»

«ለእኔማ ትናንት መልስ ሰጥተውኛል እኮ።»

እትዬ ጨዋ ይህን እንደሰማች ዘወር አለች። ወደ ቤቷ ገባች፣ ወዲያው ወጣች፣ ልብስ ማስጫውን ያለ ምክንያት ነካካች።

ቀቢዋ ከቦርሳዋ የመፋቂያ እስፓቱላዋን አወጣች። ሰው ሊገባበት ነው፣ በሩ መዘጋት አለበት፤ ያወፈረችው እሷ ናት፣ የምታቀጥነውም እሷ ናት። ጠርዙ ላይ ስትጭነው ቀለሙ እየተጠቀለለ መውረድ ጀመረ። ጣሳው ሁልጊዜ አንድ አልነበረም፤ አንዱ ሽፋን ደመቅ ያለ ነው፣ አንዱ ደብዘዝ ያለ። እጇ ሁሉንም ያስታውሳል። ከላይ ያሉት ሁለቱ ጠጋኙ ናቸው፤ ይቺ ደብዛዛዋ አራት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። ከሥሯ ያለችው ሻንጣዋን ይዛ የመጣች አንዲት ነርስ ናት። ከዚያ በታች አንድ የሚያስል ሽማግሌ፣ ከሁሉም በታች እንደገና ጠጋኙ፣ ጣቱ አረንጓዴ የሆነባት የመጀመሪያዋ ቀን። አሁን የት ይሆኑ? ቤት አግኝተው ይሆን? የአንዳቸውንም ስልክ አልያዘችም። እየፋቀች አለቀሰች፣ ልጅቷ እንዳታያት ፊቷን ወደ መቃኑ አዞረች።

ልጅቷ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣው ደረጃ ሥር ተቀምጣ የቀለም ቅርፊት እየለቀመች ነበር። እትዬ ጨዋ ወደ እሷ ሁለት ጊዜ ጠጋ ብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው አጠገቧ ቆመችና ለደረጃው የምትናገር ይመስል ተናገረች።

«ላይኛው ክፍል ያለችው ተከራይ ወሩ ሲያልቅ ትለቃለች።»

እስፓቱላው ቆመ። ቀቢዋ አልዞረችም፣ ጆሮዋን ብቻ አቆመች።

«ግን ደረጃው መደገፊያ የለውም» አለች እትዬ ጨዋ። «ባዶውን ነው። ልጅ ከዚህ ላይ ብትወድቅ…»

ቀቢዋ የወጉን እሺታ ልትል ነበር። ያቺ «ይሁን እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» የምትለው ነገር ምላሷ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጠቻትና ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ ሰበብ ነው ወይስ ሥራ?»

እትዬ ጨዋ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ልጅቷን አየች። ልጅቷም ቀና ብላ መልሱን እየጠበቀች ነበር፤ በዓይኗ አልለመነችም፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ጣቶቿን አፍተለተለች፣ ከንፈሯን ላሰች፣ የቤቷን በር ዞራ አየች። የምታመልጥበት ግን አጣች።

«ሥራ ነው» አለች። «ብረት በያጅ እጠራለሁ። ከግራም ከቀኝም ያደርግበታል።»

«ይሆናል ማለት ነው?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!» አለች እትዬ ጨዋ፣ እንደተቆጣ ሰው።

ቀቢዋ አላመሰገነችም። «ብየዳውን በዓይኔ ሳየው አምናለሁ» አለችና ወደ በሩ ተመለሰች። እስፓቱላውን በሁለት እጇ ያዘችው። ጠጋኙ ከውስጥ ሆኖ በሩን ገፋው፤ መጣ፣ መጣ፣ መቃኑ ጋ ሲደርስ ነክሶ ቆመ።

«ገና ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለች፣ መፋቋንም ቀጠለች።